ጋሼ ይመር ሙቀጫ የተሸከሙበት ቀን

ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር ገና ሳልጀምረው የሚያቋርጠኝ ሰው አይጠፋም። «ለመሆኑ የአበሻ ሽማግሌ የካምቦዲያ ሰው ቤት ምን ሊሠራ ሄደ?» ይለኛል። እናንተም ይህንኑ ልትጠይቁኝ እንደሆነ ስለማውቅ መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁና በሰላም እንቀጥል። ሊያስታርቅ ነው የሄደው። የላክሁትም እኔ ነኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ውስጥ፣ በሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ረጅም የጋራ በረንዳ በሚከፈቱበት ፎቅ ቤት እኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ስሎተርቫርት በሚገኝ መጦሪያ ቤት አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለረዳት ነርስነት እማራለሁ። ትምህርቱ ከሰው ገላ ጋር ፍቅር አስያዘኝ። ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የአናቶሚ መጽሐፍ ነበረኝ፤ እሱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ትራም ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ በልቤ ስገነጣጥል እውላለሁ። አንድ ቀን የአንዲት ሴትዮ አንገት ላይ አፍጥጬ ስቀር «ሐብሌን ወደድሽው?» አለችኝ። የታይሮይድ ዕጢሽን ነው የማየው ማለት አፍሬ፣ በጣም ያምራል አልኳት።

ከግድግዳዬ ማዶ አንድ ቤተሰብ ይኖራል። እኔ «ቻይኖቹ» ነበር የምላቸው፤ እነሱ ደግሞ እኔን ሱማሌ ይሉኛል፤ ስለዚህ ማንም ማንንም ሳይከስ ተቻችለን እንኖር ነበር። አንዲት አሮጊት አሉ፤ ዬይ ይባላሉ፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ልጃቸው ቪሳል አየር ማረፊያ ወጥ ቤት ይሠራል። የቪሳል ሚስት ቻንታ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ በረንዳው ላይ ስንገናኝ ፈገግ ብላ የምታልፍ ሴት ናት። ቤት ከገባች በኋላ ግን ድምፅዋ ሌላ ነው። ቻንታ አሮጊቷን ስታናግር እኔ ቤት ግድግዳ ላይ የሰቀልኳት ሥዕለ ማርያም ትንቀጠቀጣለች። ምን እንደምትል አይገባኝም፤ ቁጣ መሆኑን ግን አልተጠራጠርኩም።

መስከረም ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ዬይ በረንዳው ላይ ልብስ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። ገላቸውን ታጥበው መውጣታቸው ነው፤ ሽርጣቸውን ደረታቸው ላይ አስረዋል፤ ትከሻቸውና ጀርባቸው ራቁት ነው። ሰላም ልላቸው አፌን ከፍቼ እንደከፈትኩ ቀረሁ። ጀርባቸው ላይ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ወደ ጎን የወረዱ፣ ቀይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰንበር ተጋድሟል፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ ከትከሻ እስከ ወገብ ነው። የጎድን አጥንቶቻቸውን አንድ በአንድ ሰው በቀለም ያሰመረባቸው ይመስላል።

የአናቶሚ አስተማሪያችን «መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ አእምሮ» ትል ነበር። ዓይኔ አየ፤ አእምሮዬ ግን ሮጦ ቀደመው። የሰንበሩ ስፋት እኩል ስለሆነ ቀበቶ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ነው አልኩ። ቀለሙ ገና ስላልጠቆረ ትናንት ማታ ነው አልኩ። ትናንት ማታ ደግሞ ቻንታ ስትጮህ ሰምቻለሁ። በቃ፣ ዶሴው ተዘጋ። ያን ቀን መጦሪያ ቤት የማጥባቸውን ሰዎች ጀርባ ሁሉ እየመረመርኩ ስናደድ ዋልኩ።

ማታ ወንድም ዳንኤልን አማከርኩት። ዳንኤል ከሠፈራችን ትንሽ የጴንጤ ጉባኤ አገልጋዮች አንዱ ነው፤ ቢሮ ስለሚሠራ ደችኛው ከሁላችን ይሻላል። «የአሮጊቷ ሃውስአርትስ ጋ፣ የቤተሰብ ሐኪሟ ጋ ደውዪ፤ እሱ ያውቃል። ካልሆነ ፖሊስ አለ» አለኝ። እኔ ግን የዚህን አገር ነገር ፈራሁ። አንዴ ከደወልክ አምስት ሰው ከአምስት መሥሪያ ቤት ይመጣል፤ ቤቱ ይበተናል፤ አሮጊቷም የማያውቁት መጦሪያ ቤት ይገባሉ። የሚያጥባቸውም እንደኔ ያለ አፍጣጭ ነው። የሰው ገመና አደባባይ ሳይወጣ በሽማግሌ ቢያልቅ ይሻላል ብዬ ወደ ጋሼ ይመር ሄድኩ።

ጋሼ ይመር የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ውስጥ ነው፤ ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። ከባቡር ጋር አብሮ የመጣ ፈረንሳይኛ ያውቃሉ። አምስተርዳም ከመጡ በኋላ ማታ ማታ ቢሮ ያጸዳሉ። የሚያንገበግባቸው ግን ጽዳቱ አልነበረም፤ ሽማግሌ አድርጎ የሚልካቸው ሰው ማጣታቸው ነው። ወጣቱ ራሱ ተዋውቆ ራሱ ይጋባል፣ ራሱ ተጣልቶ ራሱ ይፋታል። «እዚህ አገር ሽማግሌነት እንደ ብራችን ነው፤ የሚመነዝረው የለም» ይሉ ነበር። ስለ ዬይ ጀርባ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ነጭ ጋቢያቸው ታጥቦ እንደሆነ ባለቤታቸውን ጠየቁ።

«ሦስት ሰው መሙላት አለበት። እኔ፣ ዳንኤልና አንቺ» አሉኝ።

«ሴት ሽማግሌ ትሆናለች እንዴ ጋሼ?»

«ልጄ፣ ያለነው ሆላንድ ነው።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሄድን። ጋሼ ይመር ጋቢያቸውን ለብሰው ከዘራቸውን ይዘዋል፤ ዳንኤል ከረባት አስሯል። የእነ ቻንታ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የምግቡ ሽታ በረንዳውን አልፎ ደረጃው ድረስ ወርዷል። ጋሼ ይመር ከዘራቸውን ተደግፈው «ቤቶች!» አሉ። ቻንታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። አዲስ ልብስ ለብሳለች፤ ፊቷ ያበራል፤ ግቡ አለችን፣ ምንጣፍ አሳየችን፣ ውሃ አቀረበች። ዬይም ከተቀመጡበት ሆነው ሁለት እጃቸውን አገናኝተው እጅ ነሱን።

አንቀመጥም፣ ውሃውንም አንቀምስም አልን። አገራችሁን ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ የሄደበት ጉዳይ ሳይሳካ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አያልፈውም። ዳንኤል ይህንን በጥሩ ደችኛ አብራራላት። እዚህ የመጣነው ስለ ሰላም ነው፣ በዚህ ቤት ሰላም እስኪወርድ ድረስ ምንም አንበላም አላት። ቻንታ ጥቂት አሰበችና በትሕትና መጽሔታችንን እንደማትፈልግ፣ ባለፈው ሳምንትም ሁለት ሰዎች መጥተው እንደነበር፣ እነሱ ቡድሂስት መሆናቸውን ነገረችን። ዳንኤል ፊቱ ተለዋወጠ። ከልቡ እንዳዘነ ያስታውቃል፤ ነገር ግን የተከፈተ በር ነውና ሁለት ቃል ጣል ላድርግ አላድርግ እያለ ከራሱ ጋር መታገሉን አይቻለሁ።

እኛ ግራ ገብቶን ስንቆም ቻንታ የዕለቱን ነገር ነገረችን። ቀኑ ፕቹም ቤን የሚባል ትልቅ በዓላቸው ነው። በዚህ ሰሞን ሙታን ከያሉበት ተለቀው፣ ተርበው፣ ዘመዶቻቸውን ፍለጋ ይዞራሉ። ምግቡ የሚደርሳቸው መነኩሴ ሲበላላቸውና ሲጸልይላቸው ነው። መነኩሴ ደግሞ በአቅራቢያው የለም፤ ከፈረንሳይ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ዛሬ አምስተርዳም፣ ነገ ዴንሃግ፣ ከዚያ ሮተርዳም ነው። እሱም ከእኩለ ቀን በኋላ እህል አይቀምስም፣ ሕጉ አይፈቅድለትም። «ዬይ ባላቸውና ሁለት ትልልቅ ወንድ ልጆቻቸው በዚያ በክፉው ዘመን ነው የሞቱት። በጥይት አይደለም፣ በረሃብ ነው። ስለዚህ ዬይ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይህችን ቀን ነው» አለችኝ።

ገባኝ። መነኩሴው ከእኩለ ቀን በፊት ካልበሉ፣ በረሃብ የሞቱት የዬይ ሰዎች ለከርሞ ድረስ ጦማቸውን ሊቆዩ ነው። ጋሼ ይመርን ጎተት አድርጌ፣ ጋሼ ዛሬ በዓል ነው፣ ሌላ ቀን እንምጣ አልኳቸው። እሳቸው ግን ከዚህ ሁሉ ወሬ ይዘው የቀሩት አንድ ነገር ነው።

«መነኩሴ ይመጣል ነው የምትይኝ? እሰይ! ከመነኩሴ የተሻለ ዳኛ ከየት ይገኛል?»

ወዲያው ቪሳል መነኩሴውን ይዞ ገባ። ጎልማሳ ናቸው፤ የተላጨ ራስ፣ ብርቱካናማ መጎናጸፊያ፣ ባዶ እግር። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀውታል። ጋሼ ይመር መነኩሴ አይተው እንዴት ዝም ይበሉ? ጎንበስ ብለው ሄዱና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው መስቀል እስኪሳለሙ ጠበቁ። መነኩሴው መስቀል ከየት ያምጡ? ጋሼ ይመር እንደጎነበሱ ቀሩ፤ መነኩሴውም የጎነበሰውን ራስ እያዩ ቆሙ። በመጨረሻ ዬይ የውሃ ሳህን አቀረቡላቸው፤ መነኩሴው በቅጠል እየነከሩ እኛ ላይ ረጨት ረጨት አደረጉ። ጋሼ ይመር ጠበላቸውን ተቀብለው ቀና አሉ፤ ዳንኤል ከጀርባዬ ተደበቀ።

ከዚያ ጋሼ ይመር ጉሮሯቸውን ጠርገው በባቡር ፈረንሳይኛቸው ከመነኩሴው ጋር ንግግር ጀመሩ። ቪሳልም ትንሽ ይሰማል። እኔ ቋንቋውን ባላውቅም የእጅ እንቅስቃሴያቸው ይበቃ ነበር። መጀመሪያ ወደ ዬይ አመለከቱ፤ ቀጥለው ከዘራቸውን አንስተው አየሩን ሦስት ጊዜ ገረፉ፤ ከዚያ ወደ ቻንታ አመለከቱ። ቪሳል ቀስ ብሎ ለሚስቱ በቋንቋቸው ነገራት። የቻንታ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት፤ እስከዛሬም አልረሳውም።

ዬይ የሰው ሁሉ ፊት መለዋወጡን አይተው ምን እንደተባለ ጠየቁ። ደግመው ጠየቁ፤ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ ቻንታ ዘንበል አሉ። ቻንታም ምርጫ ስላጣች፣ ያን ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅዋን አውጥታ፣ የተባለችውን ራሷ ለአማቷ ጮኻ ነገረቻቸው። ያኔ ነው የገባኝ። ጩኸቱ ቁጣ አልነበረም፤ ዬይ ጆሯቸው አይሰማም። ደሜ ከራሴ ወደ እግሬ ሲወርድ ተሰማኝ። የትኛው የደም ሥር ውስጥ እንዳለፈ እንኳ መናገር እችል ነበር።

ዬይ የተባለው ሲገባቸው ሳቁ፤ ጥርሳቸው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቁ። ቻንታ ግን አልሳቀችም። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ምግቡ ሁሉ ያለው እዚያው ነው። ቪሳል ተከትሎ አንኳኳ፣ ለመናት፣ ወደ እኛም ተመልሶ ያለችውን ነገረን። በሙታን ቀን፣ መነኩሴ ፊት፣ አማትሽን ትደበድቢያለሽ ተብያለሁ፤ በዚህ በተቃጠለ ልቤ የማቀርበው ምግብ ለማንም አይደርስም፤ እነዚህ ሰዎች ይውጡልኝ አለች። በደስታ ካልተሰጠ ስጦታው ባዶ ነው ማለት ነው።

አሁን ነገሩን እዩልኝ። እሷ እኛ ካልወጣን አትወጣም። ጋሼ ይመር ደግሞ «ሽማግሌ ሳያስታርቅ ወጥቶ አያውቅም» ብለው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተክለዋል። መነኩሴው ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእኩለ ቀን በኋላ አይበሉም። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ፤ ሁሉም ያየዋል። ሦስት ሙታን ደግሞ እዚያው ሳሎን ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። ሃይማኖታችን ባይሆንም እንደሚጠብቁ ተሰምቶኝ ነበር።

ዬይ ተነሥተው እጄን ያዙኝና ወደ መኝታ ቤት ወሰዱኝ። በሩን ዘጉ፤ ዞረሽ ልብስሽን ግለጪ ብለው በምልክት አዘዙኝ። አፍንጫ የሚሰነጥቅ ቅባት ጀርባዬ ላይ ቀቡኝ፤ ከዚያ ከኪሳቸው ትልቁን የሆላንድ ሳንቲም አወጡ። ንግሥቲቱ ያለችበትን፣ ሁለት ጉልደን ተኩል የሚባለውን ነው። በሳንቲሙ ጠርዝ ከአከርካሪዬ ወደ ጎን፣ በጎድን አጥንቶቼ መካከል ፋቁኝ፤ አንዴ፣ ደግመው፣ ደግመው። ያማል፤ ሕመሙ ግን የሚያሳርፍ ዓይነት ነው። ለሳምንታት የተሸከምኩት የትከሻ ድካም ለቀቅ አለኝ። «ነፋስ» አሉ ዬይ፣ በሚያውቋት ጥቂት ደችኛ፤ በእጃቸውም ከጀርባዬ አንድ ነገር ተነሥቶ በመስኮት ሲወጣ አሳዩኝ። ቀጥለው የራሳቸውን ግንባር ዳስሰው ትኩሳት እንደነበራቸው ነገሩኝ፤ ወደ ወጥ ቤቱም እያመለከቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

መስታወት ውስጥ ዞሬ አየሁት። የዬይ ዓይነት ቀይ ሳይሆን የጠቆረ ሰንበር ነው፤ ግን ያው ራሱ ነው። ረቡዕ ማታ ቻንታ ስትደበድብ ሳይሆን ትኩሳት የያዛቸውን አማቷን ስታክም ነበር። እኔ ደግሞ አስተዋይዋ ነርስ፣ በፍቅር የተፋቀ ጀርባ አይቼ ሽማግሌ ሰበሰብኩ።

ወጥቼ ለጋሼ ይመር ነገርኳቸው።

«ነፋስ? ብርድ መቷቸው ነው በይኛ። እኛስ ዋግምት እንታገም የለ?» አሉ። «እንግዲህ በዳዮቹ እኛ ነን። ልጄ፣ ድንጋይ ፈልጊልኝ።»

ለምን እንደፈለጉት አላጣሁትም። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ደጅ ሲወድቅ ይቅር ይባላል። ግን ሆላንድ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል? አገሩ ሁሉ አሸዋና ውሃ ነው፤ የእኛ ሠፈር ደግሞ ጡብና ሣር ብቻ ነው። ዳንኤል በረንዳው ላይ ወጥቶ ወዲያ ወዲህ አየና እጁን ዘርግቶ ተመለሰ። ጋሼ ይመር በዓይናቸው ሲፈልጉ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ቻንታ ቅመም ስትወቅጥበት ያደረችው የድንጋይ ሙቀጫ ተቀምጧል። ጨከኑና አንስተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉት። ሙቀጫው ባዶ አልነበረም፤ እርድና የሎሚ ሣር የተወቀጠበት ቢጫ ለንቋሳ በነጩ ጋቢያቸው ላይ ወረደ። እንደዚያው ሆነው ወጥ ቤቱ በር ላይ ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር» አሉ በአማርኛ። ሌላውን ቋንቋ ሁሉ ረስተውታል።

ቻንታ በሩን ከፈት አድርጋ አየች። በእነሱ አገር ራስ የተከበረ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ለልጅ ራሱን ዝቅ አያደርግም፤ ይህ ለቻንታ ከስድቡም የባሰ ነው። ደንግጣ ተንበረከከችና ራሷን ከእሳቸው በታች ዝቅ አደረገች። ጋሼ ይመር ይህን ሲያዩ ይባስ ጎነበሱ፤ እሷም ይባስ ወረደች። በመጨረሻ ሁለቱም ግንባራቸው ወለል ነካ፤ ሙቀጫው በሁለቱ መካከል ተንከባለለ። ቻንታ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀና ብላ ቢጫውን ጋቢ ስታይ ደግሞ ሳቀች። ይቅርታ የሚባለው ነገር መቼ እንደደረሰ አላውቅም፤ ግን ደርሶ ነበር።

መነኩሴው ያን ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰዓቱን አዩና ለጋሼ ይመር በፈረንሳይኛ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ጋሼ ይመር ከወለሉ ላይ እንደ ወጣት ዘለው ተነሡ።

«ባቡሩ ሊነሣ ነው!»

የድሬዳዋው ጣቢያ ኃላፊ ኦስዶርፕ ላይ ሥራ ጀመሩ። ከዘራቸውን እንደ ባንዲራ ይዘው ቪሳልን እዚህ፣ ዳንኤልን እዚያ አቆሙ። ቻንታ ከወጥ ቤት ታወጣለች፣ እኔ እቀበላለሁ፣ ለዳንኤል አቀብላለሁ፣ ቪሳል መነኩሴው እጅ ላይ ያደርሳል፤ ሴት በቀጥታ አትሰጣቸውምና። ለጣዖት የቀረበ አልነካም ሲል የከረመው ወንድም ዳንኤል በሁለት እጁ ትኩስ ሾርባ ተሸክሞ ይሮጥ ነበር። በኋላ ስጠይቀው «እኔ ጎረቤት ነው የረዳሁት» አለኝ። ልክ ነው። መነኩሴው የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲቀምሱ ሰዓቱ እኩለ ቀን ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዬይ ዓይናቸውን ጨፍነው የሦስት ሰው ስም ጠሩ።

ከዚያ ዬይ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ አቀረቡና ለእያንዳንዳችን ማንኪያ ሰጡን። የሞተባችሁ ሰው ካለ በስሙ ጨምሩለት ማለታቸው ነው። ዳንኤል አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ለአባቴ አንድ ማንኪያ ጨመርኩ። ጋሼ ይመር ማንኪያውን ይዘው ረጅም ጊዜ ቆሙ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ታናሽ እኅታቸው ወሎ ውስጥ መሞቷን ያኔ አላውቅም ነበር። የእርዳታው ስንዴ የተጫነበትን ባቡር በእጃቸው ምልክት እያሳለፉ፣ ለእኅታቸው ግን አንድ ቁና ማድረስ አልቻሉም።

«የሺ» አሉና ሩዙን ጨመሩ። ዬይ ጆሯቸው አይሰማም፤ ግን ስሙን ሰምተዋል መሰለኝ፣ እጃቸውን ያዙላቸው።

ከዚያ በኋላ በላን፤ እንዴት እንደበላን አትጠይቁኝ። ግድግዳው ላይ ማማዎቹ ሰማይ የሚነኩ ትልቅ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ሥዕል ነበር። እኔ ቻይና ነው ወይ ብዬ ስጠይቅ ቻንታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኛ ቻይና አይደለንም። ታይላንድም ቬትናምም አይደለንም። ክመር ነን» አለችኝ። ይህንን የሠሩት አባቶቻችን ናቸው አለች። እኔም ሱማሌ አለመሆኔን በዚሁ አጋጣሚ ነገርኳት። ጋሼ ይመር በበኩላቸው ለመነኩሴው ስለ ላሊበላ ማስረዳት ጀመሩ፤ እነዚህ ከታች ወደ ላይ ደረደሩ፣ የእኛዎቹ ግን ከላይ ወደ ታች ፈለፈሉ፣ የቱ ይከብዳል? ክርክሩ መነኩሴው እስኪሄዱ አላለቀም። ስንወጣ ዬይ ለበረከት በእጃችን ላይ ቀይ ክር አሰሩልን። ጋሼ ይመር ማዕተቤ አለኝ፣ አንድ ቢጨመር አይጎዳም አሉ። ዳንኤል ግን ብስክሌቴ ላይ እሰሩልኝ፣ እሱ ሃይማኖት የለውም አለ። ሦስት ብስክሌት የተሰረቀበት ሰው፣ ያቺን ግን እስክትዝግ ነዳት።

ሰኞ ዕለት አስተማሪያችንን በእረፍት ሰዓት ለብቻዋ ጠርቼ ጀርባዬን አሳየኋት። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ልጠይቃት ነበር። አየችኝ፤ ሄዳ በሩን ዘጋች፤ ወንበሯን አስጠግታ እጄን ያዘችና ዝቅ ባለ ድምፅ «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለችኝ። ስልኩን እንዳታነሳ ለማስቆም ብዙ ደከምኩ። ሲገባት ከቆዳ ሥር ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዴት እንደሚፈነዱ በሥዕል አስረዳችኝ፤ ያን ቀን የእኔም የእሷም ዓይን አንድ ዓይነት መሆኑ ብዙ ነገር አስተማረኝ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እኔ ዛሬም የሰው ገላ አያለሁ፤ ሥራዬ ነው፤ ፍቅሩም አልለቀቀኝም። አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶች ግን የአስተማሪዬን አባባል አስተካክዬ ነው የምነግራቸው። መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ አፍ፣ አእምሮ መጨረሻ ላይ ይድረስ እላቸዋለሁ። ጠይቁ። ጀርባው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደነካው፣ ለምን እንደነካው ባለቤቱን ጠይቁ። እኔ አንድ ቃል ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ይመር ሙቀጫ አይሸከሙም ነበር። እርግጥ ያን ጊዜ የየሺንም ስም የሚጠራ አይኖርም ነበር፤ ስለዚህ መጸጸት ይገባኝ እንደሆነ እስከዛሬ አልቆረጥኩም።

ጋሼ ይመር ካረፉ ቆይቷል። ቀብራቸውም ተዝካራቸውም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተፈጽሟል፤ ምንም አልጎደለባቸውም። ዬይም ሄደዋል። መስከረም በመጣ ቁጥር ግን ቻንታ ትደውልልኛለች፤ እኔም ሄጄ ሳህን አቀብላለሁ። ባለፈው ጊዜ ማንኪያዋን ይዛ ከዬይም ከባላቸውም በፊት የጋሼ ይመርን ሩዝ ስትጨምር አየኋትና፣ ለምን እሳቸውን ታስቀድሚያለሽ አልኳት።

ቻንታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየት አደረገች።

«ባቡሩ እንዳያመልጣቸው» አለችኝ።